የጤፍ ፍሬ የሚያህል መንገድ

ረሆቮት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤
ሕንጻው ተኝቷል፤ የነቃው የማሽኖቹ ቤት።
ኖጋ ሹራቧን ትታልኝ ሄዳለች ወንበሩ ላይ፤
እኔ አፍጥጫለሁ፣ ያን ጉብታ ላይ።

ከባሕር ማዶ፣ ከምድር በታች፣ በዚያ ቀለበት ዋሻ
ፕሮቶን ከፕሮቶን ሲላተም፣ ሲቀየጥ መነሻ ከመድረሻ፣
ከባድ ኳርክና ተቃራኒው፣ አጥፊና ጠፊ ባላንጣ፣
ተቃቅፈው ይወጣሉ ከዚያ ሁሉ ጣጣ።
ዕድሜያቸው አይነገርም፤ ቅጽበት ብል አጋነንኩ፤
«አሉ» ብዬ ሳልጨርስ «ነበሩ» ላይ ደረስኩ።
የሚቀሩኝ ጥንድ ሚዮኖች፣ ብረቱን በስተው ያለፉ፣
አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ፣ ዱካ ብቻ የጻፉ።
ከልጆቹ ሩጫ ተነሥቼ ወላጁን እመዝናለሁ፤
ሦስት ነጥብ አንድ ላይ ሲቆለል፣ «መጣህ?» እለዋለሁ።

አባቴ እንግዳው፣ ብርቱካን ማሸጊያው ቤት፣ ሚዛን ሥር፣
ሃያ ሁለት ዓመት ቆሟል በእግር።
«የምትመዝኚው የታለ?» አለኝ፣ ሰንበት ሲወጣ፣ ማታ።
«የለም። ሞቷል።»
«እና ምኑን?»
«ትቶት የሄደውን።»
ዝም አለ ለአንድ አፍታ።
«በይ ባዶ ሣጥኑን መመዘን ብቻ እንዳይረሳሽ፤
ስንቱ በሣጥን ክብደት እንደከበረ ባወጋሁሽ።»

አልረሳሁም። ከጉብታው ሥር የተዘረጋው ተዳፋት
እሱ ነው ሣጥኑ፤ ዝምድና የሌላቸው ጥንዶች ክምችት፣
ሠርግ ቤት ጎን ለጎን እንደተቀመጡ እንግዶች፣
ፎቶው ላይ ባልና ሚስት የመሰሉ ሰዎች።
እቀንሳቸዋለሁ። ከዚያ ደግሞ እደምራለሁ፤
በስንጥቅ የሾለኩትን፣ መሣሪያው ያላያቸውን፣
ላየሁት ለእያንዳንዱ፣ ያመለጠኝን።
ይህን ስነግረው አባቴ ከሻዩ ቀና አለ።
«ያልታየ ይቆጠራል?»
«ይቆጠራል።»
«የእኛንስ?» አላለም። ተራ ሲጠብቁ ጎንደር የቀሩትን፣
የሁለቱን ስም ጠራና ሻዩን ጨለጠ።

ትናንት ኢታማር ሠንጠረዡን ላከልኝ፤ ከሥሩ አንዲት መስመር፦
«እዚያው የተወለዱትን ከመጤዎቹ ለዪልኝ፣ በቁጥር።»
ስለ ቅንጣቶቹ ነው። የሚበዙት እግጭቱ ላይ ይወለዳሉ፤
ሌሎቹ ግን ከእነሱ ከከበደች እናት፣
መንገድ ከጀመረች፣ ጥቂት ራቅ ካለች በኋላ፣
የጤፍ ፍሬ የሚያህል መንገድ።
ክብደታቸው አንድ ነው። ጉብታው አይለያቸውም፤
ዱካውን ወደኋላ ካልጎተትኩ ማንም አያውቃቸውም።

እኔ የተወለድኩት ጎንደር፣ በኪራይ ክፍል፣ ተራ ሲጠበቅ፤
ከመንደሩ ከተነቀሉ በኋላ፣ እዚህ ሳይደርሱ።
መታወቂያዬ ላይ ያለው ቀን የጸሐፊ ግምት ነው፤
የስሕተቱ ልክ አልተጻፈበትም።
እኔ ያለ ስሕተት ልክ ቁጥር ብሰጥ
ኢታማር ይመልስልኛል፣ በቀይ።

ለየኋቸው። ከአምስት አንዱ፣ ሲደመር ሲቀነስ ጥቂት።
የዓምዱን ርእስ ግን ሦስቴ ጽፌ ሁለቴ አጠፋሁት፤
«መጤ» አልኩ። «ዘግይቶ የመጣ» አልኩ።
በመጨረሻ «መንገድ ላይ የተወለዱ»።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። ከቂርያት ሞሼ የመጣው አውቶቡስ
በሩ ላይ ሲያቃስት ይሰማኛል፤
ኖጋ የተወችውን ሹራብ ለብሻለሁ፤ እጅጌው ያጥረኛል።
የብርቱካን አበባ ሽታ በአየር ማስገቢያው ሾልኮ ገብቷል።
አባቴ ይኼኔ ነቅቷል። ልደውልለት ነበር፣
ሣጥኑን መዘንኩት ልለው፤
ግን ያ ጉብታ፣ ከቅድሙ በአንድ ጥንድ ከፍ ያለ መሰለኝ፤
እስቲ እሱን ልይ።